በሼኽ ዙበይር ቤት የቆየው የጀውሃር ብር

የከተማዋን ስም ልተወው። በግንብ የታጠረች፣ ወደ ባሕሩ የሚወርዱ ነጋዴዎች የሚያድሩባት አሮጌ ከተማ ነበረች ካልኩ ይበቃል። በዚያች ከተማ ሼኽ ዙበይር የሚባሉ ብር አንጥረኛ ይኖሩ ነበር። ቀን አምባርና ድሪ ይሠራሉ፤ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ልጆችን ኪታብ ያስቀራሉ። አንድ አመል ነበረባቸው፤ አመል የምለው እርሳቸውም እንዲያ ይሉት ስለነበር ነው። የድሮ ብር ይሰበስባሉ። ሊቀልጥ ከመጣው መሐል ለየት ያለ ሲያዩ ለባለቤቱ ነግረው፣ አስፈቅደው፣ በሌላ ይለውጡታል። የማርያ ትሬዛው ጠገራ፣ ከሕንድ የመጣው ሩፒ፣ ጣሊያን ምጽዋን ከያዘ በኋላ በራሱ ንጉሥ ምስል ያሳተመው ብር፣ ሁሉም በየጨርቁ ተጠቅልሎ በአንዲት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

አንድ ብር ግን ከሣጥኑ ውጭ ለብቻው ይኖራል። የእርሳቸው አይደለም፤ የጀውሃር ነው።

ጀውሃር በአንድ ኡስታዝ ፊት አብሯቸው የቀራ፣ የልጅነት ጓደኛቸው ነበር። በኋላ ምጽዋ ወደብ ላይ ለጣሊያኖች አስተርጓሚ ሆነ። እነዚያ ሰዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1918 አዲስ ብር አውጥተው ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ጠገራው ከቪየና እንደ ልብ አልመጣ ስላለ፣ እርሱን የሚመስል፣ ዘውድ የደፋች ሴት ያለችበት ብር አሳትመው ሕዝቡን ሊያለምዱት ፈለጉ። ሕዝቡ አገላብጦ አየውና «ይህቺ ሴትዮ የእኛዋ አይደለችም» ብሎ መለሰላቸው። ጀውሃር እጅ የገባው ደግሞ ለገበያ ከወጣው የተለየ ነው፤ አንድ የጣሊያን ሹም ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠው ነው። ለናሙና ተብሎ በተወለወለ ማተሚያ በጥንቃቄ የታተመ፣ ከእጅ ወደ እጅ ያልዞረ ብር ነበር። ባዶው መደቡ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፤ የሴትዮዋ ምስል ግን ውርጭ እንደነካው ሣር ነጭና ደብዛዛ ነው።

ጀውሃር ለሐጅ ሲነሳ ብሩን አምጥቶ «አስቀምጥልኝ» አላቸው። «ካልተመለስኩ ከእኔ ወገን ለሚመጣ ስጠው።» ሄደ፤ አልተመለሰም። ጅዳ አግብቶ ተቀመጠ ተባለ፤ ቆይቶ ሞተ ተባለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሼኽ ዙበይር ጁሙዓ ሰግደው በተመለሱ ቁጥር ብሩን ከጨርቁ ያወጡና ጫፍና ጫፉን ይዘው ያዩታል። ጀውሃር ይናፍቃቸዋል። እውነቱን ለመናገር ብሩም ያምራቸዋል፤ ሣጥናቸው ውስጥ የጎደለው እርሱ ብቻ ነበርና። በእጅ ያለ ነገር እንዴት እንደሚናፍቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ቀን የጀውሃር ልጅ ኑሪያ ከጅዳ መምጣቷ ተሰማ። በጁሙዓ ከሰላት በኋላ ቤታቸው ልትመጣ ቀጠሮ ያዘች። ሼኹ የዚያን ዕለት ጧት ለመጨረሻ ጊዜ ብለው ብሩን አውጥተው ሲያዩ «ጀናዛ አለ» ብለው ለቀብር ጠሯቸው፤ መደርደሪያው ላይ እንደተገለጠ ትተውት ወጡ። የልጃቸው ሚስት ረምላ አየችው። በአንጥረኛ ቤት ብር ሳይታጠብ ለባለቤቱ አይመለስም። እርሷም እንግዳዋን አክብራ፣ በአመድና በሎሚ ፈግፍጋ፣ አብለጭልጫ አስቀመጠችው።

ሼኹ ተመልሰው ሲያዩት ተቀመጡ። የሴትዮዋ ነጭነት ጠፍቷል፤ መስታወት የመሰለው መደብ ተጫጭሯል።

«አባባ፣ አጠፋሁ እንዴ?» አለች ረምላ።

«አንቺ ቤታችን የሚሠራውን ነው የሠራሽው» አሉ።

ኑሪያ መጣች። ብሩን በመዳፏ ይዛ «እንዴት ያበራል!» አለች። አባቷ ለእናቷ ነግሯት የሞተው፣ ለእርሷ የቀራት ውርስ ይኸው ብቻ ነው። ጅዳ ውስጥ የድሮ ብር የሚሰበስብ ሰው፣ ናሙናው ያልተነካ ከሆነ በጥሩ ዋጋ እንደሚገዛት ቃል ገብቶላት ነበር። ደስታዋን ያየ ሰው ዝም ማለት ያምረዋል። ረምላ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሼኹ ዝም እንዲሉ በልቧ ትለምን ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ብር በእኔ እጅ ተበላሽቷል» አሉ ሼኹ። «የሚያበራው ስለተፈገፈገ ነው። ያ ሰው እንዳየው ያውቀዋል፤ አይገዛሽም።» ያቺን የእንጨት ሣጥን ጎትተው ፊቷ አኖሩ። «የጎደለብሽን ይሙላልሽ። ሁሉንም ውሰጂ።»

ኑሪያ ደነገጠች። «አማና የያዘ ባለአደራ ችላ ካላለ አይከፍልም ይባል የለም እንዴ?»

«ችላ ብያለሁ። አባትሽ አስቀምጥልኝ አለኝ እንጂ እየው አላለኝም።»

ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ሣጥኑን የተቀበለችው እንቢ ብትል የሚቀየሙ ስለመሰላት ነው። ከበሩ ስትደርስ ቆመች። «አባቴ ሲሞት ሁለት ዓመቴ ነበር። ሲስቅ እንዴት ነበር?» አለቻቸው።

ሼኹ ሊነግሯት ጀምረው እንባ አቋረጣቸው። መልሰው አስቀመጧትና የአስር ሰላት አዛን እስኪባል ድረስ ስለ ጀውሃር አወሩላት። ስትሄድ «አውፍ ብዬዎታለሁ» ብላ ይቅር አለቻቸው።

ያን ቀን ሼኹ የረምላን ስም አላነሱም፤ ከዚያ በኋላም እስኪሞቱ አላነሱም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ረምላ ራሳቸው ናቸው፣ በስተርጅና። እንግዳዋ ስትወጣ «አባባ፣ ማየት ምን ያጎድላል?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር አሉ። ሼኹም «አማና በአፍ ብቻ የሚበላ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በዓይንም ይበላል» ብለው መለሱላቸው።

ሼኹ መክፈል ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለውን ለዑለሞች ልተወው፤ ዕውቀቱ የለኝም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሌባ የሰው ነገር ሲወስድ ሌባ መሆኑን ያውቃል። የናፈቀ ሰው ግን መውደዱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ እጁን ማንም አይይዝለትም። እኔም ቤት የሞተ ወዳጄ ያስቀመጠብኝ ኪታብ አለ። ዳር ዳሩ ላይ በእጁ የጻፈውን ለማየት በናፈቀኝ ቁጥር እገልጠዋለሁ፤ ገጾቹ መላላት ጀምረዋል። ልጆቹ የሚኖሩት ከእኔ ሁለት ሰፈር አለፍ ብሎ ነው። ነገ ልወስድላቸው ጠቅልዬዋለሁ፤ ዛሬ ሁለቴ ፈትቼዋለሁ።