ማር የተቀባው ጅብ

አንድ ጊዜ በወደቀ የዋርካ ግንድ ውስጥ የሰፈሩ ንቦች ነበሩ። ዓመቱ አበባ የበዛበት ስለነበር ሰፈፉ ሞልቶ ማሩ በግንዱ ስንጥቅ ወደ ውጭ ይንጠባጠብ ነበር። ጅብ ሽታው ስቦት መጣ። አፍንጫውን ወደ ቀዳዳው ሲያስጠጋ ዘበኞቹ ንቦች ወረዱበት፤ እየጮኸ ሸሸ።

ቀበሮ ቁጥቋጦ ሥር ሆና ታየው ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ምን ነካህ?»

«ገና ሳልቀምስ ነደፉኝ!»

«ዘበኞቹ የሚያምኑት አፍንጫቸውን ነው። ከግንዱ ሥር የፈሰሰውን ማር ከራስህ እስከ ጅራትህ ተቀባና ግባ፤ ቤተኛ ትመስላቸዋለህ።»

«ልቀባው ወይስ ልላሰው?» አለ ጅብ።

«ዛሬ ተቀባው፤ ነገ የፈለግከውን ያህል ትልሳለህ።»

ጅብ እንዳለችው አደረገ። ዘበኞቹ አሸተቱት፤ የሸተታቸው የገዛ ቤታቸው ነበር። አሳለፉት። እሱም ሰፈፉን ከነእጩ ግጦ ሄደ።

የንቦቹ ንግሥት ዘበኞቹን ሰበሰበች። «እሾህ ላይ የቀረ የጅብ ጠጉር ፈልጋችሁ በጭቃ ላይ ለጥፉ። ሽታውን እየተለማመዳችሁ ጠብቁት» አለች። ለጠፉ፤ ተለማመዱ። ጅብ ግን አሁንም ማር ተቀብቶ መጣ። ጠጉሩ ከማሩ ሥር ስለተሸፈነ የተለማመዱት ሽታ አልደረሳቸውም፤ እንደገና በላ።

«እንግዲያው ጭቃውን ማር ቀቡት» አለች ንግሥቲቱ።

ቀቡት። ዘበኞቹም ማር የነካውን ሁሉ መጥላት ተማሩ። በዚያው ሰሞን ሰፈፍ ስትጠግን ክንፏን ማር የነካት አንዲት ንብ ወደ በሩ ብቅ ብትል ተረባርበው ገደሏት።

ሬሳዋን ንግሥቲቱ ፊት አቀረቡ። የዘበኞቹ አለቃ፣ «እመቤቴ፣ ማር የነካውን ሁሉ ከነደፍን እርስ በርሳችን እናልቃለን። ማርን ካመንን ደግሞ ጅብ ይጨርሰናል። ምን ይሻላል?» አለች።

ንግሥቲቱ ጭቃውን ዞራ ዞራ አሸተተችው።

«እኛ ላይ ማር ቢገኝ ጠብታ ነው። ጅብ ላይ ግን እንደ ለምድ ተደርቧል፤ በሳሳበት በኩልም ጠጉሩ ብቅ ይላል። ወፍራም ማርና ጠጉር ባንድነት ሲሸቷችሁ ንደፉ። ማር ብቻ ከሆነ ተዉ።»

እንደ አዲስ ተለማመዱ። ማር የነካቸውን እህቶቻቸውን ከጭቃው ጎን እያቆሙ ልዩነቱን አጠኑ። ብዙዎቹ ቶሎ አልገባቸውም፤ ደጋግመው ሳቱ፤ ልምምዱም ረዘመ።

ጅብ ተመልሶ ሲመጣ ማሩን ከበፊቱ አወፍሮት ነበር።

«ቤተኛ ነኝ!» እያለ አንገቱን አስገባ።

ዘበኞቹ አሸተቱት። ከዚያም በጉሮሮው ሥር፣ ማሩ ከጠጉሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተተከሉበት። ጅብ እየጮኸ ወጣ። ማሩ ዓይኑን ስለጋረደው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ቁልቁል ወረደ፤ ወደዚያ ግንድም ዳግመኛ አልደረሰም። ንቦቹ የፈረሰውን ሰፈፍ መጠገን ጀመሩ።

ከዚህ የምንማረው፣ ኤችአይቪ ከሰው አካል ባገኘው ስኳር ገላውን ሸፍኖ የሰውነታችንን ዘበኞች፣ በሽታ የሚከላከሉትን ሕዋሳት፣ እንደሚያታልል ሁሉ ጠላት የእኛን ልብስ ለብሶ ሊመጣ እንደሚችል፣ እነዚያን ዘበኞች በክትባት የሚያለማምድም ሆነ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ግን ልብሱን በጅምላ ከማመን ወይም ከመጥላት ይልቅ አለባበሱን መለየት እንዳለበት ነው።