ገብስ የተበላበት ነጋሪት

ድም አለ ነጋሪቱ።

ገና ገላው ያልደረቀው ውርንጭላ ዘለለ፤ የጋጡን ግድግዳ ገጨ፤ እናቱ ሆድ ሥር ገብቶ ተንቀጠቀጠ።

«ይኸም ደነበረ» አለ ባልደራስ ቸኮል። የነጋሪቱን መምቻ ጣለ፤ አነሣው፤ መልሶ ጣለው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ፈረስ ከሰው፣ ዕቃም ከአይጥ በሚነጋገርበት በዚያ ዘመን፣ ፊታውራሪ ወንድይራድ የሚባሉ ሹም ነበሩ። በሰልፍ ቀን ነጋሪት ሲመታ ፈረሳቸው ደንብሮ ጭቃ ላይ ጣላቸው። አገር ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ዛጎል የምትባል የዓረብ ባዝራ ከባሕር ማዶ አስመጡና ለፈረሶቻቸው አለቃ ለባልደራስ ቸኮል ሰጡት። መፈተኛ ይሁንህ ብለው አንድ አሮጌ ነጋሪት ጨመሩለት።

«ረጋ ያለ ልጅ አስወልድልኝ። ነጋሪት ሲመታ የማይደነብር።»

ቸኮል ዛጎልን እንደ ልጁ ወደዳት። መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነበር። ሲበላ ይነሣል፤ ተኝቶ ይነሣል፤ ጋጡ ድረስ ሄዶ አይቷት ይመለሳል። ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳውን እንኳ የማያንቀሳቅስ ቀይ ዳማ ድንጉላ ፈረስ ፈልጎ አገናኛት። ልጅ ተወለደ። መርጋቱን ልየው ብሎ ነጋሪቱን መታ። ደነበረ። በሌላው ዓመት ቆሞ የሚያንቀላፋ ነጭ አምባላይ ድንጉላ አመጣ። ልጅ ተወለደ። መታ። ያ ነው አሁን ግድግዳ የገጨው።

«ተው አንተ ሰው» አለች ዛጎል። «ገና እግሩን አልተከለም።»

«የአባቱ ደም ነው» አለ ቸኮል። «መጥፎ ደም አመጣሁብሽ።»

«እኔ ተናግሬ የማይደነግጥ ገና አልተወለደም» አለ ነጋሪቱ፣ ሆዱን ነፍቶ።

ከጥግ የታሰረች አንዲት በቅሎ ድርቆሿን ታኝካለች። «እኔ የረጋሁ ነኝ፤ ግን ልጅ እንዳትጠይቁኝ» አለች።

ሁለቱ ልጆች አድገውም ማንኪያ ሲወድቅ የሚፈረጥጡ ሆኑ። ፊታውራሪ መጥተው አዩአቸው።

«ባልደራስ፣ ሦስተኛውም እንዲህ ከሆነ ባዝራይቱን ለጨው ነጋዴ እሰጣታለሁ። ጨው ትሸከም።»

ቸኮል እጅ ነሣ። ሌላ ድንጉላ ፍለጋ ቆላ ወረደ፤ ደጋ ወጣ፤ አጣ። ቢቸግረው ያንኑ ዳማ መልሶ አመጣ።

«ለፈረሱ ከምትጨነቅ፣ አንተን ራስህን ማን ባረጋልኝ» አለችው ሚስቱ ማንጠግቦሽ።

ዛጎል መውለጃዋ ሲቀርብ፣ ቸኮል ውሃ ሊቀዳ በወረደበት፣ ጋጡ ውስጥ የምትኖረውን አይጥ ጠራቻት።

«አይጢት።»

«አቤት እመቤቴ።»

«ይህ ነጋሪት ምን ይመስልሻል?»

«የበሬ ቆዳ ይመስለኛል።»

«ይጣፍጣል?»

«ደረቅ ነው።»

«ገብሴን ባካፍልሽስ?»

«እንግዲያ ጥርስ የተሰጠኝ ለምን ሆነና» አለች አይጥ።

ነጋሪቱ ይህን ሰማ። «እኔ የፊታውራሪ ነጋሪት ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ» አለች አይጥ። «ለዚህ ነው ከዳር የምጀምረው።»

ቸኮል ጀርባውን ባዞረ ቁጥር በላች።

ሦስተኛው ልጅ ተወለደ። ቸኮል መምቻውን ይዞ ሮጠ። ቢመታ ድምፅ የለም፤ መምቻው ቆዳውን በስቶ ገባ። ዙሪያውን አየ፤ ተቀመጠ፤ ተነሣ። «አለቀልኝ። አሁን በምን ልፈትነው?»

ማንጠግቦሽ የተረፈውን ቆዳ ገሽልጣ ጣለች። የነጋሪት ሆድ ጎድጓዳ ነው። «ባዶውን ከሚቀመጥ ገብስ ይያዝ» አለችና ሞላችው።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ገብስ ስትጨምር የነጋሪቱን ጎን በመዳፏ ትመታለች፤ ድም፣ ድም። በመታች ቁጥር ቸኮል ይበረግጋል። ውርንጭላው ይመጣል። ራሱን ነጋሪቱ ውስጥ ከቶ ይበላል፤ ሲጠግብ እዚያው ላይ አገጩን አሳርፎ ያንቀላፋል።

«ወይ እኔ» ይላል ነጋሪቱ። «አገር ያንቀጠቀጥኩት የልጅ ትራስ ልሁን?»

ውርንጭላው አደገ፤ ኮርቻ ለመደ። የሰልፉ ቀን ደረሰና ፊታውራሪ ተቀመጡበት። ቸኮል ዳር ቆሞ ጣቱን ይነክሳል። ዛጎል በጨው ጭነት ጎብጣ ትታየዋለች።

ድም አሉ ነጋሪቶቹ።

ይህኛው ፈረስ ወደ ኋላ፣ ያኛው ወደ ገደል። የዛጎል ልጅ ጆሮውን አነሣ። ፈረሱ ዝግ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ እየተራመደ፣ ነጋሪት መቺው ዘንድ ሄደና ቆዳውን አሸተተ። ከዚያ ላሰው።

«ጌታዬ» አለ ነጋሪት መቺው፣ «ፈረስዎ ነጋሪቴን ሊበላው ነው።»

አገር ሳቀ። አሁን ፊታውራሪም ሳቁ። «ይብላ» አሉ። «ባልደራስ፣ ባዝራህ ካለችበት አትነቃነቅም።»

ቸኮል ወደ ጋጡ በረረ። ዛጎል ቆማለች። ትንፋሹን ሳይሰበስብ «ደሙ ያዘ» አላት። «የዳማው ደም በመጨረሻ ያዘ።»

«የመጀመሪያውም የዳማው ልጅ ነበር» አለች ዛጎል። «ሦስቱንም የረጉ አድርጌ ነው የወለድኩልህ። ሁለቱን አንተ ስትፈትን አስበረገግካቸው። እርጋታ ሲያበሉት እንጂ ሲያስደነግጡት አያድግም። ለአራተኛው መምቻውን እቤት ተወውና ገብስ ይዘህ ና።»