ወንዙ ሳይሞላ የተበላው በሶ

በአንድ ወቅት፣ ዝንጀሮ ውሃ በሚባል ወንዝ ዳር እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። አራት ልጆች ወልደው አራቱንም ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ሦስቱ ከእናታቸው ጎጆ ብዙም ሳይርቁ ቤት ሠርተዋል፤ አንዱ ግን ወንዙን ተሻግሮ ይኖራል። ወንዝ ማዶ መኖር ነውር አይደለም፤ ስንቱ ሰው ማዶ ይኖራል። ይኼኛው ግን ሦስት ክረምት ሙሉ የእናቱን ደጃፍ አልረገጠም። ምክንያቱን ስነግራችሁ እንዳትስቁ፤ ምክንያቱ የዶሮ ብልት ነው።

በዚያ ቤት ዶሮ ወጥ በተሠራ ቁጥር ፈረሰኛው የአባት ነበር። አባት ሲሞቱ ፈረሰኛው ወደ ታላቁ ወንድ ልጅ፣ ወደ ምንይችል፣ እንደሚያልፍ ሁሉም ያውቃል፤ መነጋገርም አላስፈለገም። የሙት ዓመታቸው በወጣ ዕለት ማታ ምንይችል ካህናቱን ሊሸኝ ወጥቶ ዘገየ። ወጡን የሠራችው የሁሉም ታላቅ የሆነችው ማናህሎሽ ነበረች። ሰው ሲርበው፣ ወጡም ሲቀዘቅዝ አየችና አወጣች። ፈረሰኛውንም ፊት ለፊቷ ለተቀመጠው ለምንይችል ታናሽ ለአያልነህ ጣል አደረገችለት። ክፋት አልነበረባትም፤ እጇ ቸኩሎ ነው። ምንይችል ሲገባ አጥንቱ ተግጦ ደረሰ።

«አባቴ ገና ዛሬ ሞተ» አለ። እንደቆመም ማለ፦ «ከእንግዲህ ከእናንተ ጋር እራት ብበላ፣ ያባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

ወጣ፤ ቀረ። በአንዲት ብልት እንዲህ ይሆናል ወይ የሚል ካለ፣ እሱ የአባት ቦታ ሲወሰድበት ምን እንደሚሰማ ገና አያውቅም።

እማማ ደብሪቱም አረጁ። ዓይናቸው ደከመ፤ ጎጆአቸው ማፍሰስ ጀመረ። ብቻቸውን ማደር እንደማይችሉ ሲታወቅ ሦስቱ ልጆች «እኔ ጋ ግቢ፣ እኔ ጋ ግቢ» እያሉ ተሻሙባቸው። ማናህሎሽ እናቷ በልጅ ልጆች ተከበው እንዲጦሩ ፈለገች። አያልነህ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለችና ልጁ በአያቱ እቅፍ እንዲያድግ ተመኘ። ትንሿ ስመኝ ደግሞ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳትወልድ፣ ብቻዋን የቀረች ናት። ማታ በሯን ስትዘጋ «ደህና እደሪ» የሚላት የለም። እሷ እናቷን የፈለገቻቸው ለመጦር ብቻ አልነበረም፤ ቤቷ ውስጥ ሌላ የሰው ድምፅ እንዲሰማ ነው።

እማማ ደብሪቱ ሦስቱንም ጠርተው እንዲህ አሏቸው፦

«አባታችሁ ከዋንዛ የጠረበውን ገበታ ታውቁታላችሁ። ለእኔና ለሱ፣ ለእናንተም ለአራታችሁ ብሎ ነው የሠራው። ሦስት ክረምት ጎድሎ ከረመ። አራቱን ልጆቼን በዙሪያው አስቀምጦ የቤተሰብ እራት ያበላኝ ልጅ፣ ገበታውን አሸክሜ እሱ ቤት እገባለሁ። ሌላ ነገር አልሰማም።»

አያልነህ ወሬ አያበዛም፤ በማግስቱ ወንዙን ተሻገረ። ምንይችል ደጅ ሲደርስ አንድ ትልቅ ድንጋይ ከመሬት አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምንን ሰው አይቶ እንዳላየ ማለፍ በአገሩ ከባድ ነው። ምንይችል ግን አለፈ። ከብቱን አሰማርቶ ሲመለስ ወንድሙ እዚያው ቆሟል። ገብቶ ምሳውን በልቶ ሲወጣም ቆሟል።

«አውርደው፤ ትከሻህ ይላጣል» አለው በመጨረሻ።

«ፈረሰኛውን የበላሁት እኔ ነኝ። እመጣለሁ ሳትለኝ አላወርድም።»

ምንይችል በትሩን ከግድግዳው አስደገፈ። «እሺ፣ እሑድ እናቴን ላያት እመጣለሁ» አለ። «እራት ግን አልበላም፤ ምዬበታለሁ። ደግሞም ክረምት ነው። ሚስቴና ከብቶቼ ብቻቸውን ናቸው፤ ወንዙ ሳይሞላ እመለሳለሁ።»

አያልነህ ድንጋዩን አወረደ። ሌላው ማድረግ ያልቻለውን እንዳደረገ ያውቃል፤ ትከሻው እየደማ እያፏጨ ተመለሰ።

ማናህሎሽ «እራት አልበላም» ማለቱን ስትሰማ ፈገግ አለች። የሷ ዶሮ ወጥ ስንቱን ኩርፊያ እንደፈታ አገር ያውቃል። እሑድ በማለዳ ወደ እናቷ ጎጆ ሄዳ ቀዩን አውራ ዶሮ አሳርዳ በሎሚ አጠበች፤ አሥራ ሁለቱን ብልት አስተካክላ አወጣች፤ ሽንኩርቱን ከትፋ ጣደች። ለዝና እንዳይመስላችሁ። ያችን ብልት በገዛ እጇ አንስታ ወንድሟ ፊት ማስቀመጥ ነበር የምትፈልገው፤ ሦስት ክረምት ሙሉ ፈረሰኛው ጉሮሮዋ ላይ ተሰክቶ ነው የኖረው። ማገዶው ግን እርጥብ ነው፤ ሽንኩርቱ አልበስል አለ። ጎረቤቷ «ምነው ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ» ብትላት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ መለሰችላት። አንድ ጊዜ ቸኩላ ምን እንዳጣች ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ምንይችል ከሰዓት በኋላ መጣ። የእናቱን ጉልበት ሳመ፤ እሳቸውም ፊቱን በእጃቸው ዳብሰው «ከስተሃል» አሉት። እንዳልከሳ ሁሉም ያያል፤ ማንም ግን አልተናገረም። ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጠ እንጂ ወደ ገበታው አልቀረበም። ገበታው ባዶውን መሐል ቤት ተቀምጧል። ከጓዳ የቁሌቱ ሽታ ይመጣል። ማናህሎሽ በየመሐሉ ብቅ እያለች «ትንሽ ናት የቀረችው» ትላለች። ትንሽ አልነበረችም፤ ዶሮው ገና ድስት አልገባም።

በወንዙ ምንጭ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነጎደጎደ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ከወንዙ አቅጣጫ ተጣራ፦ «ደራሽ! ደራሽ እየመጣ ነው! የሚሻገር ይሻገር!»

ምንይችል ብድግ አለ። «በሉ ደህና ሁኑ» አለ። አያልነህ መሬት መሬቱን አየ። የእማማ ደብሪቱ እጅ የገበታውን ጠርዝ ጨብጦ ቀረ።

ስመኝ እስከዚያች ሰዓት ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። የእናቷን እጅ አየች። ነጠላዋን አደገደገች፤ ከጓዳ የበሶውን ቅል አወረደች፤ ዱቄቱን ገበታው ላይ ገለበጠችው። ጨው ጣል፣ ውሃ ጠብ አደረገችና ማሸት ጀመረች። ሁሉም አፉን ከፍቶ ያያታል። የበሶን ነገር ታውቃላችሁ፤ እሳት አይል፣ ወጥ አይል። እረኛና ነጋዴ መንገድ ላይ የሚበላው ነው እንጂ፣ በሶ አቅርቤ ዘመድ ጠራሁ ብሎ የሚያወራ ሰው አይገኝም።

«ስመኝ፣ ምን ልትሆኚ ነው?» አላት ምንይችል።

«ጋሼ፣ ይኼ እራት አይደለም። የመንገደኛ ስንቅ ነው፤ አንተም መንገደኛ ነህ። ቁጭ በል።»

ምንይችል በሩን አየ። እናቱን አየ። ተቀመጠ። አያልነህ ዘሎ ጎኑ ገባ። ስመኝ ወደ ጓዳ «እትዬ! ነይ ቶሎ!» ብላ ስትጣራ ማናህሎሽ ማማሰያዋን እንደያዘች መጣች።

«ወጡ ያርርብኛል!»

«ይረር!» አሉ እናቷ። እሷም ተቀመጠች።

እጅ መታጠብ ተረሳ። ቡራኬም ተረሳ። እማማ ደብሪቱ ከጭብጦው ቆርሰው የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለምንይችል ዘረጉ። ዓይናቸው ደክሟልና ግማሹ ጢሙ ላይ ቀረ። አያልነህ ሳቀ፤ ስመኝ ተከተለችው፤ ሳያስቡት ሁሉም ይስቁ ጀመር።

«ፈረሰኛው ያንተ ነበር» አለች ማናህሎሽ፣ ማማሰያዋን አስቀምጣ።

«እየበላሁ ነው፤ አታናግሪኝ» አለ ምንይችል። ጭብጦ ቆርሶም አጎረሳት።

«ጎመን በጤና ይባላል፤ በሶም ያው ነው» አሉ እማማ ደብሪቱ። ከልጆቻቸው ሁሉ ይበልጥ የበሉት እሳቸው ነበሩ።

ምን ያህል ቆየ ብትሉኝ፣ አንድ ጀበና ውሃ አይፈላበትም። ምንይችል አፉን ጠርጎ፣ እናቱን ስሞ ሮጠ። እሱ ማዶ ሲወጣ ደራሹ ከኋላው ደረሰ። ከዚያ ሆኖ ዱላውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ ፀሐይም ገና አልጠለቀችም ነበር።

ሲመሽ ወጡ ደረሰ። እውነቱን እንናገር፤ ወጡ ተአምር ነበር። እጅ ተታጠበ፤ እንጀራው ተነጠፈ፤ እማማ ደብሪቱ ቆመው መረቁ። የጎደለ ወግ አልነበረም። ማናህሎሽ ፈረሰኛውን አውጥታ ምንይችል ተቀምጦበት በነበረው ቦታ አኖረችው። በሉ፣ ጠገቡ። ያችን ብልት ግን የነካት የለም።

በማግስቱ ሦስቱ ልጆች እናታቸው ፊት ቆሙ።

«እምዬ፣ እራት ያበላሁሽ እኔ ነኝ» አለች ማናህሎሽ። «ተመርቆ፣ እጅ ታጥቦ፣ በወጉ የተበላው የኔ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እሳት ሳይነድ እራት አለ እንዴ? እሱንስ ቢሆን ያን ያህል ቤት ውስጥ ያቆየው የወጤ ሽታ አይደለም?»

«ወጥም በሉ በሶም በሉ፣ ያስቀመጣቸው ማነው?» አለ አያልነህ። «አራቱን ያስቀመጠ ነበር ያልሽው። ምግብማ በየቤቱ አለ፤ የጠፋው ሰው ነበር። ሰውየውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አራታችንም የነበርነው በሶው ላይ ነው» አለች ስመኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በወጡ ጊዜ ሦስት ነበርን። ሲቀመጥም ሊበላ ነው የተቀመጠው፤ ድንጋዩማ እስከ በሩ ነው ያመጣው።»

ማናህሎሽ ዞር አለችባት። «'ይኼ እራት አይደለም' ያልሽው በገዛ አፍሽ ነው። አሁን እራት ነው ካልሽ፣ ወንድማችንን መሐላ አስፈርሰሽዋል ማለት ነው። ያባታችን አጥንት ይውጋው?»

ስመኝ ነገሩ ገባት። እራት ነው ብትል ወንድሟ መሐላ አፍራሽ ይሆናል። አይደለም ብትል እናቷን ታጣለች፤ ያ ዝም ያለ ቤት ይጠብቃታል። በመጨረሻ «ለሱ ስንቅ ነበር፤ ለእናቴ ግን እራት ነበር» አለች።

«ከአንድ ገበታ ሁለት ነገር ይቆረሳል?» አለች ማናህሎሽ።

ወንዙ ሲጎድል ምንይችልን የሚጠይቅ ሰው ተላከ። በላህ ወይስ አልበላህም? መሐላህ አለ ወይስ ፈረሰ? ምንይችል አሰበ፣ ጢሙን አሸ፣ እንዲህ ብሎ መለሰ፦ «እኔ የማውቀው ያን ማታ እራት ሳልበላ ጠግቤ ማደሬን ነው። ስሙን እናንተ አውጡለት።» መልክተኛውም እንደሄደ ተመለሰ።

እማማ ደብሪቱ «እኔ የሁሉም እናት ነኝ፤ ብፈርድ አንዱን እበድላለሁ። የሰማ ይፍረድ» ብለው ጓዛቸውን ጠቀለሉ።

አሁን አንድ ጎበዝ ጎረቤት ገበታውን ተሸክሞ መንገዱ ሦስት ቦታ የሚለይበት ላይ ቆሟል። ማናህሎሽ በሯን ከፍታለች፤ የልጆቿ ጫጫታ እስከዚህ ይሰማል። አያልነህ በሩን ከፍቷል፤ ሚስቱ ወገቧን ይዛ ከደጅ ቆማለች። ስመኝም በሯን ከፍታለች፤ ከዚያ ቤት ግን ምንም አይሰማም። እማማ ደብሪቱ ዱላቸውን ተደግፈው ከተሸካሚው ኋላ ይጠብቃሉ።

የዋንዛ ገበታ ከባድ ነው፤ ሰውየው ብዙ አይታገስም። ለስመኝ የምትፈርዱ፣ ለምንይችል መሐላ የምትሉትን አብራችሁ አዘጋጁ። ለማናህሎሽ የምትፈርዱ፣ ሳትነካ ላደረችው ብልት መልስ ስጡ። ለአያልነህ የምትፈርዱም፣ ሰው ጠርቶ ባዶ ገበታ ማቅረብ እራት ከተባለ ንገሩን። ብቻ አትዘግዩ፤ ተሸካሚው አንገቱን ወደ እናንተ አዙሮ እየጠየቀ ነው፦ ወዴት ልሂድ?