አንገቷን የደፋችው ጽጌረዳ

አንድ የሰፈር ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ንጋቱ ይባላሉ። ለመታወቂያም ይሁን ለሠርግ፣ ሊነሳ የመጣ ሰው ሁሉ ከእሳቸው የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ቀና በል! ትከሻ! አትተንፍስ!» ሰፈሩም ለምዶታል። ልጆች እንኳ ገና የፎቶ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

ጋሽ ንጋቱ ዝናሽ የምትባል የእህታቸውን ልጅ ያሳድጉ ነበር። ዝናሽ ዓይን አፋር ናት። ሰው ሲያናግራት አንገቷን ትደፋለች፣ መልሷም ከአፏ ሳይወጣ ይቀራል። አጎቷ «ቀና በይ እንጂ፣ መሬት ላይ ምን ወድቆብሽ ነው?» ይሏታል። አስተማሪዋም ጎረቤቶቿም እንደዚያው ይሏታል። ቀና በይ በተባለች ቁጥር ግን አንገቷ የባሰ ይደፋል።

አንድ ቀን ጋሽ ንጋቱ ጎኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ካሜራ አውጥተው ሰጧት።

«ሰው ማንሳት ከፈራሽ አበባ አንሺ። አበባ አያፈጥብሽም» አሏት።

ዝናሽ ደስ አላት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየአጥሩ ሥር አበባ እየፈለገች መዞር ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ምንም አልሆነላትም። በቀትር ፀሐይ ያነሳችው አበባ ነጭ ጨርቅ መሰለ። ነፋስ እያወዛወዘው ያነሳችው ደግሞ የተሞነጫጨረ ቀለም ሆኖ ወጣ። አጎቷ አይተው ሳቁ።

«ደንበኛሽ ተንቀሳቅሶብሻል! ለአበባም ሕጉ ያው ነው። ታጥቦ፣ ቀና ብሎ፣ ሳይተነፍስ!»

ዝናሽ ምክሩን እንዳለ ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ አበባ ከማንሳቷ በፊት አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። ትል የበላውን ቅጠል ትቀነጥሳለች። ንብ ካለ እፍ ብላ ታባርራለች። በመጨረሻም ዘንጉን ከእንጨት ጋር በክር አስራ ቀጥ ታደርገዋለች። አበቦቹ ሁሉ ለመታወቂያ የቀረቡ መሰሉ። ጋሽ ንጋቱ ግን «ይኸው፣ አሁን ሰው ሆኑ!» ብለው አሞገሷት።

ከፎቶ ቤቱ ጀርባ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ደጃፋቸው ላይ ያረጀች ጽጌረዳ አለች። እማማ ጠዋት ጠዋት አጭሯ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ ከማንም አስቀድመው «እንዴት አደርሽ?» የሚሉት እሷን ነው። አሁን ግን መንገድ ሊወጣ ስለሆነ ቤቱ ሊፈርስ ነው። እማማ ፎቅ ላይ ወዳለ ቤት ሊሄዱ ነው። የጽጌረዳዋ ሥር ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስላረጀ ሊነቀል አልቻለም።

እማማ ዝናሽን ጠሯት።

«ልጄ፣ ይቺን ጽጌረዳዬን አንሺልኝ። እዚያ ፎቅ ላይ ጠዋት ስነሳ ማንን እንዴት አደርሽ እላለሁ?»

ዝናሽ በሕይወቷ እንዲህ ያለ አደራ ተቀብላ አታውቅም። ከላይ የፈካችውን ትልቋን አበባ መረጠች። አጠበቻት፣ ጠረገቻት፣ የተበላውን ቅጠል ቀነጠሰችላት፣ አንገቷንም በክር ጠበቅ አድርጋ አቆመቻት። አነሳቻት። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ አጎቷ አጨበጨቡላት።

ቤቱ ሊፈርስ አንድ ቀን ሲቀረው ዝናሽ ፎቶውን ይዛ ሄደች። እማማ ፎቶውን ከዓይናቸው አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። እንዴት ታምራለች!» አሉ። ከዚያም ጠየቁ፤ «የማን ናት?»

ዝናሽ ደነገጠች። «የእርስዎ ናት፣ እማማ።»

«የኔ? አይደለችም። የኔዋ እንዲህ እንደ ወታደር አትገተርም። የኔዋ አንገቷን ደፋ አድርጋ ነው እኔን የምታየኝ።»

ዝናሽ ሌላ ልታነሳ ወደ አበባዋ ሮጠች። ያን ዕለት ሳትፈታው የሄደችውን ክር ልትፈታ ስትጠጋ ግን ክሩ ያነቀው ዘንግ ተቀንጥሶ፣ አበባዋ ጠውልጋ ተንጠልጥላለች። ዝናሽ እንባዋ መጣ።

«ገደልኳት» አለች።

እማማ አልተቆጧትም። «ነይ እስቲ፣ እህቷ አለች» አሉና ወደ ታች አመለከቱ። ከደጃፉ ድንጋይ አጠገብ አንዲት ትንሽ አበባ ተደፍታለች። ቅጠሏን ትል በልቶታል። ዝናሽ ፊትም አይታት ነበር፤ ግን ለፎቶ የምትሆን ስላልመሰላት አልፋት ሄዳለች። አሁን ቆማ ካሜራዋን አነጣጠረችባት።

«እማማ፣ ጀርባዋን ብቻ ነው የምታሳየኝ።»

«ቆመሽ ነዋ! እኔ ቆሜ አይቻት አላውቅም። እዚህ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማያት።»

ዝናሽ ተንበረከከች። አልበቃም። አቧራው ላይ በደረቷ ተኛች። የምታልፍ ጎረቤት አጥሩ ጋ ቆማ ሳቀች።

«ኧረ ዝናሽ! ምን ነካሽ፣ ወድቀሽ ነው?»

«አልወደቀችም» አሉ እማማ፤ «እንዴት ዋልሽ እያለቻት ነው። አንቺም ሰላምታ ካለሽ ግቢ፣ ከሌለሽ በሳቅሽ ነፋሱን አትጥሪብን!»

ከመሬት ሆና ሽቅብ ስታይ፣ ዝናሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የአበባዋን ፊት አየች። የማታ ፀሐይ ከጀርባዋ ገብታ ቅጠሎቿን እንደ ፋኖስ አብርታቸዋለች። ትል የበላው ቀዳዳ እንኳ ብርሃን ያሾልካል። መሃሏ ላይ አንዲት ትንሽ ንብ የአበባ ዱቄት ተለውሳ ተቀምጣለች። ዝናሽ እንደ ልማዷ እፍ ልትል ከንፈሯን አሾለች፤ ከዚያ ተወችው። ነፋስ ሲመጣ እማማ ነጠላቸውን እንደ መጋረጃ ዘርግተው ከለሉላት። ዝናሽ አነሳቻት።

ስትነሳ ልብሷ ሁሉ አቧራ ነበር። አንገቷን እንደደፋች «እማማ፣ ፊቷ እንዲህ እንደሆነ በምን አወቁ?» አለች።

እማማ ሳቁ። «አንቺስ ብትሆኚ? ሰው ሁሉ ቆሞ ቀና በይ ይልሻል። እኔ እዚህ ዝቅ ብዬ ስለምቀመጥ፣ ስታልፊ ሁልጊዜ ፊትሽን አየዋለሁ። ስታፍሪ ደግሞ ፈገግ ትያለሽ። ማንም አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ።»

 ዝናሽ ጎንበስ ብላ የእማማን ጉልበት ሳመች። «አመሰግናለሁ» አለች። ድምጿ ቀጭን ቢሆንም እማማ ሰምተውታል።

በማግስቱ ቤቱ ፈረሰ። እማማ በአዲሱ ቤታቸው የትንሿን አበባ ፎቶ ከፍ አድርገው አልሰቀሉትም። በርጩማቸው አጠገብ፣ ከግድግዳው ግርጌ ነው ያኖሩት። እንግዳ ሁሉ ፎቶውን ለማየት ቁጭ ማለት አለበት። እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ «እንዴት አደርሽ?» ይሏታል።

ጋሽ ንጋቱ ያንን ፎቶ ሲያዩ መጀመሪያ «ቀና ብትል ኖሮ…» ብለው ጀምረው ነበር፤ አልጨረሱትም። ከዚያ በኋላ አንዲት ሙሽራ ፎቶ ቤቱ መጣች። እንደ ሙሽራ ወግ አንገቷን ደፍታለች። ጋሽ ንጋቱ «ቀና…» አሉና ቃሉን ዋጡት። «ወይ ወገቤ!» እያሉ ቀስ ብለው ተንበረከኩ፤ ካሜራቸውንም ከሥር ወደ ላይ አነጣጠሩ። ሙሽራዋ ሳቋ አመለጣት። በዚያ ፎቶ ቤት እንደዚያ ያለ የሙሽራ ፎቶ ወጥቶ አያውቅም አሉ።

ወዳጆቼ፣ ብዙ ጊዜ አንገቱን የደፋውን ሁሉ በክር አስረን ቀጥ ካላደረግነው የሚያምር አይመስለንም። እኛ ልናሳምረው ስናስብ ዘንጉን እንሰብራለን። የአንዳንዱ ፊት ግን ወደ ታች ነው። ያንን ፊት ማየት የፈለገ ሰው ራሱ ዝቅ ማለት አለበት። ለእናንተም ቀና በሉ ሳይል፣ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ፊታችሁን ያየላችሁ አንድ ሰው አይጠፋም። እናት፣ ጎረቤት ወይም ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ማን ነው? አመሰግናለሁ ብላችሁታል?