በረት ውስጥ አይጮህም

አንዲት ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ነበረች። ላም በማለብ የሚያህላት አልነበረም። ሌላ ሰው ሲነካት የምትራገጠው ላም ለእሷ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እንዴት እንደሆነ ለሚጠይቋት ሁሉ፣ በረቷ ውስጥ እንደማይጮህ፣ በር በኃይል እንደማይዘጋ፣ ዱላ ተይዞ እንደማይገባ ትነግራቸው ነበር። መጀመሪያ የላሟን አንገት ታሻሻለች፣ በለሆሳስ ታዋራታለች፣ ጥጃዋን ታስጠጋላታለች። ከዚያ ወተቱ ራሱ ይመጣል።

የጥሩወርቅ ወንድ ልጅ አግብቶ ሚስቱን የሻረግን እናቱ ቤት አመጣ። የሻረግ የበኩር ልጇን ስትወልድ ግን ወተቷ አልወርድ አለ። ሕፃኑ ይጠባል፣ ያጣል፣ ያለቅሳል። እየዋለ እያደረ ክብደቱ ቀለለ።

አማቲቱ ደነገጠች፤ ድንጋጤዋ ግን ቁጣ ሆኖ ወጣ። ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር አራሷ ራስጌ ቆማ የጎረቤት ምራት መንታ አጥብታ እንደሚተርፋት ትነግራታለች። አጥሚቱን ከፊቷ አስቀምጣ እስክትጨርስ አፍ አፏን ታያለች፤ የሻረግ አንድ ጉንጭ መዋጥ ያቅታታል። የአማቷን ኮቴ ስትሰማ ልቧ ይመታል፣ ሕፃኑን እንዴት እንደምትይዘው እንኳ ይጠፋባታል። ጥሩወርቅ ይህን እያየች ሰነፍ አለቻት። በመጨረሻም የሻረግ ወደ አባቷ ቤት እንድትመለስ፣ ሕፃኑን እሷ በላም ወተት እንደምታሳድገው ለልጇ ነግራው ወደ በረት ወጣች።

ልጇ ተከትሏት ገባ። ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር ሲጀምር ላሟ ጆሮዋን አቁማ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ቀስ በል እንጂ ልጄ» አለች እናቱ። «ከደነገጠች ጡቷ ሞልቶ እንኳ አንዲት ጠብታ አትለቅልኝም።»

«እልኸኛ ስለሆነች ነው?»

«ምን እልኸኛ ትሆናለች? ልስጥ ብትልስ ሰውነቷ መች ይታዘዝላታል!»

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ እማዬ፣ የሻረግስ?»

ጥሩወርቅ ማለቡን ትታ ተነሳችና ወደ ቤት ገባች። የሻረግ ኮቴዋን ስትሰማ የሚያለቅሰውን ሕፃን ጡቷ ላይ እንዳደረገች ወደ ግድግዳው ዞረች። አማቲቱ የዚያን ቀን ራስጌዋ አልቆመችም፤ ከኋላዋ ተቀምጣ ጀርባዋን ታሻሻት ጀመር።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አለቻት። «ወተቱ መጣም ቀረም አንቺ የትም አትሄጂም።»

የሻረግ ከግድግዳው ሳትዞር፣ «እማማ፣ እንደ ላሟ እያደረጉኝ ነው እንዴ?» አለች።

«ላሟማ ትሻላለች፤ ሲያሿት ዝም ትላለች።»

ሁለቱም ሳቁ። የሻረግ ሳቅ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ አማቲቱም አብራት አለቀሰች። በመሃሉ ሕፃኑ ዝም አለ። ጉሮሮው ሲውጥ ይሰማ ነበር።

የሰው ሰውነት ሲፈራ ለመሸሽ ወይም ለመከላከል ይዘጋጃል እንጂ ለመስጠት አይመቸውም። ልብ ይሮጣል፣ ምግብ አልዋጥ ይላል፣ ወተት ይያዛል፣ ጠንቅቀን የምናውቀውም ነገር ከአእምሯችን ይጠፋል። ጭንቀቱ ሲከርም ደግሞ ሰው ራሱን ሰነፍ ነኝ ብሎ ማመን ይጀምራል። የምንቆጣው ሰው ብዙ ጊዜ እምቢ ብሎን አይደለም፤ አልሆን ብሎት ነው። እናንተ ወደ ቤት ስትገቡ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው ይኖር ይሆን?

እኔ አስተማሪ ነበርኩ። የሚያውቁትን መልስ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው እስኪረሱት ድረስ የጮህኩባቸው ልጆች አሉ፤ ከዚያም ደደብ ብያቸዋለሁ። አሁን ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። ይህን የምታነቡት ከእነሱ መሃል ከሆናችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።