ፊተኛው ሰርቨር ይነሳ!

አታምኑኝም እንጂ፣ ብዋሽ የበላሁት አይርጋልኝ! በመሬት ቢሯችን ሰርቨር የሚባሉ ሁለት አገልጋይ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተሠራው ከኋላ ሆኖ ካርታ ያወጣል። ዌብ ሰርቨሩ ከፊት ሆኖ ባለጉዳይ ይቀበላል፤ ቀላሉን ጥያቄ ራሱ ይመልስና ከባዱን ብቻ ወደ ኋላ ያሳልፋል።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አቶ ድንበሩ የኮምፒውተር ባለሙያዋን ጠሯት። «ፊተኛው በረኛ ነው፤ ይነሳ! ሥራውን የሚያውቀው የኋላው ራሱ ይቀበል። ጥቅሙን እስከ ምሳ ካላሳየሽኝ አንቺም አብረሽው ትወጫለሽ!»

ልጅቷ ፈገግ አለች። «እሺ ጌታዬ፤ እስከ ምሳ ብቻ ጸሐፊዎን ያውሱኝ።»

«ውሰጃት! እኔ ከፊቴ ሰው አያስፈልገኝም!» ብለው በራቸውን በረገዱት።

ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ገባ። «ፎርም የት ነው?» «ሽንት ቤቱስ?» እያለ ሦስት ሺህ ጊዜ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ሦስት ሺህ ጊዜ መለሱ። አንዲት ካርታ እንኳ ሳይፈርሙ ምሳ ደረሰ። ካርታ ለማስፈረም ከንጋት የተሰለፉ ሽማግሌ ተራቸው ደርሶ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ አቶ ድንበሩ «በስተግራ ነው!» ብለው ጮኹ።

ልጅቷ በቀጠሮዋ መጥታ ልትናገር ስትል ሽማግሌው ቀደሟት፦ «ተባረክ የኔ ልጅ፣ ጎበዝ ዘበኛ ነህ! ሥራ አስኪያጁ ግን ዛሬ አይገቡም እንዴ?»