ዘበኞቹን ያባረረው ጅብ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦን ማስነጠስ ያዘው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአበባ ሲሸፈን አፍንጫው ያሳክከዋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ደረቱ እንደ አሮጌ ወናፍ ሲር ሲር ይላል። ይህ ብቻ ቢሆን በቻለው ነበር። ችግሩ፣ አድፍጦ እመት አህያን ሊይዝ ሁለት እርምጃ ሲቀረው «እጥሽ» ማለቱ ነው። አህያዋም ዞር ብላ «ይማርህ አያ ጅቦ» ትልና እግሬ አውጪኝ ትላለች።

በሦስተኛው ሳምንት ሆዱ ከጀርባው ሲጣበቅ፣ መድኃኒት ታውቃለች ወደምትባለው እመት ቀበሮ ሄደ። ቀበሮዋ ደረቱን አዳመጠች፣ አፍንጫውን አየች፣ ጥርሱን ስታይ ግን ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«በደምህ ውስጥ ነጫጭ ዘበኞች አሉ» አለችው። «ትል ወይም ተውሳክ ሲገባ ተረባርበው ይገድሉታል። ያንተዎቹ ግን የአበባው ብናኝ ጠላት መስሏቸው ነው የሚረብሹት።»

«እነሱ ተሳስተው እኔ ልራብ? ለምን አላባርራቸውም?»

«ተው፣ ያስፈልጉሃል። ይህን መድኃኒት ጠዋት ጠዋት አንዴ ብቻ ላስ፤ ረጋ ይላሉ።»

አያ ጅቦ የመድኃኒቱን ማሰሮ አቅፎ ወጣ። መንገድ ላይ አሰበ፤ ማሰብ ብዙም አልለመደበትም። አንዴ መላስ ካረጋጋቸው፣ ማሰሮው ሙሉ ጠራርጎ ያባርራቸዋል ማለት ነው። ደግሞ መድኃኒቱ ማር ማር ይላል። ዋሻው ሳይደርስ ማሰሮውን አጸዳው።

እውነትም ማስነጠሱ ቀጥ አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ኮሽታ ሳያሰማ አህያዋ አጠገብ ደረሰ። እሷ ግን ሽታው ቀድሞ ደርሷት ኖሮ በኋላ እግሯ አንዴ አቀመሰችው። ግራር ቁጥቋጦ ላይ ወደቀና እሾህ ታፋውን ጫረው። ጭረቷ ትንሽ ስለነበረች ናቃት።

በሦስተኛው ቀን ታፋው አበጠ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጥርሱን ያንገጫግጨው ጀመር። ነፋሱ የጥንብ ሽታ አመጣለት፤ ምራቁ ግን አልመጣም። ያን ጊዜ ፈራ። በሕይወቱ ጥንብ ጠልቶ አያውቅም።

እመት ቀበሮ ተጠርታ መጣች። «ይህቺን ጭረት ዘበኞችህ በቀላሉ ይጨርሷት ነበር። የት ሄዱ?»

«አባረርኳቸው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሌሎች ከየት ይመጣሉ?»

«የሚወለዱት አጥንት ውስጥ ነው፣ መቅኒው ላይ።»

የጅቡ ዓይን በራ። «መቅኒማ ስበላ ነው የኖርኩት። ሆዴ ውስጥ ሠራዊት አለኛ።»

«ሆድህ የገባው ምግብ ነው። ዘበኛ የሚወልድልህ የራስህ አጥንት ነው። አሁን ዝም ብለህ ተኛ።»

ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠበች፣ መራራ ሥር እያጠጣች ሃያ ቀን አስታመመችው። የማይተርፍ የመሰለበትም ቀን ነበር። በመጨረሻ ትኩሳቱ በረደ፣ እብጠቱም ሟሸሸ።

ዘበኞቹ ሲመለሱ ማስነጠሱም ተመለሰ። ቀበሮዋ ሌላ ማሰሮ መድኃኒት አዘጋጀች፤ ለጅቡ ግን አልሰጠችውም። «ማለዳ ማለዳ ደጄ እየመጣህ አንዳንድ ማንኪያ ትቀምሳለህ» አለችው። እሱም እሺ ብሎ በየማለዳው ደጇ ላይ ምላሱን አውጥቶ ይጠብቃል። ማለዳ ደግሞ እመት አህያ ወንዝ ወርዳ ውሃ የምትጠጣበት ሰዓት ነው። ቀበሮዋ ያን ሰዓት ለምን እንደመረጠች አያ ጅቦ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ጠባቂያችን ተሳስቶ ቢያስቸግረን ልናርመው እንጂ ጨርሰን ልናጠፋው እንደማይገባ ነው።